አራተኛው ቆርቆሮ

የጋሽ ገሠሠ በቅሎ ጠፍሯ ባይላላ ኖሮ፣ ልጆቼ፣ ይህ ነገር ባልተወራም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ነው፤ የቡና ዋጋ አፈር ድሜ በልቶ አገሩ ሁሉ ባዘነበት ዓመት፣ በጥቅምት ወር። ጋሽ ገሠሠ ከግንቦት ጀምረው ያቆዩትን ማር በአራት የዘይት ቆርቆሮ ሞሉና ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ ቦራ ላይ ጭነው ጎህ ሲቀድ ከመንደራቸው ከማንኪራ ወጡ። ቦራ የበቅሏቸው ስም ነው። እንደ ልማዳቸው ቢሆን ረፋዱ ላይ የቦንጋን ገበያ ገላምጠው አልፈው፣ ዉሽዉሽ አድረው፣ በማግሥቱ ሺሺንዳ ይገቡ ነበር። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲይዙ ግን ጭነቱ አጋደለ። አውርደው እንደገና ጫኑት፤ እንደገና አጋደለ። ፀሐይ ሞቀች። እሳቸውም ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጀርባ የጠፍሩን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ጉልበታቸውን በበቅሎዋ ጎን ተክለው ሲጎትቱ፣ ከወንዙ በኩል የሰው ኮቴ ሰሙ።

ቀና ቢሉ ትሕትና ናት። ጫማዋን በእጇ፣ ሻንጣዋን በጀርባዋ ይዛለች።

ትሕትና የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እሳቸውና ነፍሷን ይማርና ሚስታቸው አሳደጓት። ጎበዝ ሆና ተገኘችና ጅማ ኮሌጅ ገባች፤ አንደኛውን ዓመት ጨርሳ ክረምቱን ከርማ፣ ለሁለተኛው ዓመት ልትመለስ ስትል ጋሽ ገሠሠ ከለከሏት። ዘንድሮ ቡናው እጅ ይፈልጋል፣ ጦጣና ጉሬዛ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ እስከ ታኅሣሥ ቆዪ አሏት። እሷም አንገቷን ደፍታ «እሺ ጋሼ» ብላ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲወጡ ቡናው ሥር ትተዋት ነው የመጡት።

ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ጠፍሩ ከጋሽ ገሠሠ አፍ ወደቀ። ጋሽ ገሠሠ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል፤ በእናት ቋንቋቸው በካፊኖኖ የወንድማቸውን ስም ሁለት ጊዜ ጠሩ፤ የሞተ ሰው መጥቶ ልጁን እንዲያይላቸው ይመስል።

«ቡናዬን ለማን ጥለሽ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አልጣልኩትም ጋሼ። ለእትዬ ብርቅዬ ሰጥቻቸዋለሁ። በሲሶ።»

ጋሽ ገሠሠ ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ብርቅዬ ከአጥራቸው ማዶ ያሉ ጎረቤት ናቸው። ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ሦስት የደረሱ ልጆች አሏቸው፤ ከቡናው ጫካ ግን ድርሻ የላቸውም። ትሕትና ትናንት ሄዳ አነጋግራቸዋለች። እሳቸውና ልጆቻቸው ቡናውን ሊጠብቁ፣ ቀይ ቀዩን ሊለቅሙ፣ ከሦስት ቅርጫት አንዱን ለራሳቸው ሊወስዱ ተስማምተዋል።

«ሲሶ» አሉ ጋሽ ገሠሠ፤ ቃሉን እንደ መራራ ነገር በምላሳቸው እያገላበጡ። «የአባቴን ቡና ሲሶውን። በሕይወት እያለሁ።»

ትሕትና ጫማዋን መሬት አስቀመጠች። «አምና እርስዎ ሺሺንዳ ሲመላለሱ ጦጣው ምን ያህሉን በላ ጋሼ?»

«እኔ ጦጣ የበላውን በስፍር አልለካሁም።»

«ሲነግሩኝ ግን እኩሌታውን በላው ብለውኛል።»

እውነት ነው፤ ብለዋታል።

«እንግዲያው ጦጣው እኩሌታ ሲወስድ ከረምን። እትዬ ብርቅዬ የጠየቁት ሲሶ ነው። ደግሞ እሳቸው ሲበሉ ዛፉን አይሰብሩም።»

ጋሽ ገሠሠ ሊቆጡ ከቆርቆሮው ላይ ብድግ አሉና መልሰው ተቀመጡ። ሰው ተሳድቦ ሲያስደነግጠው መልስ ይገኝለታል፤ ቆጥሮ ሲያስደነግጠው ግን መልሱ ከየት ይመጣል?

ነገሩ ይኸው ነበር። ምዝገባው ማክሰኞ ይዘጋል። የጅማ አውቶቡስ ነገ ጠዋት ከቦንጋ ይነሣል። ዛሬ ቦንጋ ካልገባች ዓመቱ አለፈ ማለት ነው፤ ያለፈ ዓመት ደግሞ ስንቱን ሴት ልጅ ይዞ እንደሚቀር ማንኪራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ገሠሠ እጇን ይዘው ሊመልሷት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማሩም አብሮ ይመለሳል። ማሩን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ እሷም ትሄዳለች። ይህን ሁሉ በልባቸው ሲያወጡ ሲያወርዱ ትሕትና ታያቸው ነበር።

«ኮሌጅ የምንማረው ይህንኑ ነው ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ስለ ምርጫ ነው።»

«ምርጫማ ካቻምና አለፈ» አሉ። «ካርድ ወስጄ መርጫለሁ።»

ትሕትና ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ሽማግሌነታቸው ያዛቸው እንጂ። ከዚያ እንዲህ አሏት፤ መንግሥት ሳይንስ ያስተምራል፣ ሕክምና ያስተምራል ሲባል ሰምተው አመስግነዋል፤ ሰውን መምረጥ ለማስተማር አስተማሪ መቅጠሩን ግን ዛሬ መስማታቸው ነው። እሳቸው ገሠሠ ሳይማሩ ስድሳ ሁለት ዓመት ሲመርጡ ኖረዋል። እንግዲህ አብረው እስከ ቦንጋ ይሂዱ፤ የከተማው ዳገት ላይ እስኪደርሱ ድረስ እሳቸው የማያውቁትን፣ የሚጠቅማቸውንም አንድ ነገር ከነገረቻቸው ትሂድ። ካልነገረቻቸው ግን ከበቅሎዋ ጋር ትመለሳለች።

«እኔ እኮ ያንን ትምህርት ያለፍኩት ለጥቂት ነው» አለች ትሕትና። «ሰሌዳው ላይ መስመር ያሰምሩብናል፣ እኛም መስመሩን እንሸመድዳለን። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ይሉታል።»

«ስሙ ራሱ ዳገት ነው» አሉና ጠፍሩን ያዢልኝ አሏት። በአራት እጅ ሲሆን ጭነቱ ቀጥ አለ።

መንገድ ጀመሩ። ጋሽ ገሠሠ የመንገዱን ጨዋታ የጀመሩት ከሚኮሩበት ነገር ነው። የቦንጋ ሰው ማሩን በኪሎ ስድስት ብር ሲቸበችብ፣ እሳቸው ሺሺንዳ ወርደው በስምንት ይሸጣሉ። ይህንን ማንኪራ ያላደነቀ የለም። «የገሠሠ እግር ሁለት ብር ይጨምራል» ይባላል።

ትሕትና ሄደው እስኪመለሱ ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው ጠየቀች። አራት ቀን ነው። ለእነዚያ አራት ቀናትስ ምን ይከፍላሉ?

«ለማን ነው የምከፍለው? እግሬ የራሴ ነው። ቦራም ሣር ነው የምትግጠው። ዉሽዉሽ የማድረው ዘመድ ቤት ነው። በነፃ ሄጄ በነፃ እመለሳለሁ።»

«ባይሄዱስ ኖሮ በነዚያ አራት ቀናት ምን ይሠሩ ነበር?»

«በጥቅምትማ ሌላ ምን አለ፤ ቡና እለቅማለሁ።»

«በቀን ስንት ቅርጫት?»

«ሁለት። ካመመኝ አንድ ተኩል።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ሺሺንዳን ሲመርጡ ስምንት ቅርጫት ቡና ይከፍላሉ። ብሩ ከኪስዎ ስላልወጣ ነው ያልታየዎት። አስተማሪያችን የአንድ ነገር ዋጋው ለእሱ ብለህ የተውከው ነገር ነው ይሉናል።»

ጋሽ ገሠሠ ቆሙ። ቦራም ቆመች። በዓመት አምስት ጊዜ ይሄዳሉ፤ ሃያ ቀን ነው። ይህን መንገድ ከጀመሩ ደግሞ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ ጣት አልበቃ ሲላቸው በበትራቸው መሬቱን ጫሩ። አራት መቶ ቀን። ከአንድ ዓመት በላይ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ሰው ከዕድሜው ላይ አንድ ዓመት ተሰርቆበት ሌባው ራሱ መሆኑን ሲያውቅ የሚሆነው አይታወቅም፤ እሳቸው ግን በትሩን አነሡና የጻፉትን አጠፉት።

ጥቂት እንደሄዱ መውጫ አገኙ። ድምፃቸውም ሞቅ አለ። «ዘንድሮ ቡና ምን ዋጋ አለውና ነው? ስምንት ቅርጫት ቢቀርብኝስ? ነጋዴው እንኳ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። የረከሰ ነገር ቢተውት ምን ይጎዳል?»

ትሕትና ዓይኗን መሬት ላይ እንደ ተከለች እንዲህ አለች፤ «ቡናው ዋጋ ከሌለው ጋሼ፣ እኔን ከትምህርቴ አስቀርተው ለምን ያስጠብቁኛል? ዋጋ ካለው ደግሞ እርስዎ ራስዎ አራት ቀን ለምን ጥለውት ይሄዳሉ?»

ልጆቼ፣ ነገር ማለት ይህ ነው። ጠበቃ ቀጥረው አንዱን ቢያመልጡ ሌላው ላይ ይወድቃሉ። ጋሽ ገሠሠ ያን ያህል ዘመን ሽምግልና ተቀምጠው፣ የስንቱን ሰው ክርክር በአንድ ቃል ዘግተው፣ ዛሬ በገዛ ልጃቸው በመንገድ ላይ ተዘጉ። ደነገጡ፤ ድንጋጤው ግን አሁን ሌላ ዓይነት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው መቶ ጊዜ ተርተዋል፤ ስለ ራሳቸው መሆኑን ግን አልጠረጠሩም ነበር።

ሽማግሌ ግን በአንድ ምት አይወድቅም። ጥቂት ርምጃ ከሄዱ በኋላ፣ «እንደዚያ ከሆነ የአንቺም ትምህርት ነፃ አይደለማ» አሏት። «መንግሥት ያበላሻል፣ ያስተኛሻል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አንቺ ጅማ ስትቀመጪ እዚህ የማይለቀም ቡና አለ። የማይቀዳ ውሃ አለ። ያውም የአራት ቀን አይደለም፤ የአራት ዓመት ነው።»

አሁን የደነገጠችው ትሕትና ናት። መጽሐፉ ውስጥ ያንን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ በራሷ ላይ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልቆጠረችውም ነበር። እውነት ነው፣ ነፃ አይደለም ብላ አመነች። ጋሽ ገሠሠ በበቅሎዋ ማዶ ፈገግታቸውን ደበቁ። እንግዲያው ትመለስ ወይ?

«አልመለስም» አለች ትንሽ አስባ። «ሁለቱንም እንመዝን ካሉኝ፣ ቡናው በየዓመቱ ይቀላል። ዘንድሮ ቢቀር ከርሞ ሌላ ይለቀማል፤ ዋጋውም ይነሣ ይሆናል። የኮሌጁ ወንበር ግን ማክሰኞ ላይ ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ ከርሞ አይመጣም። ደግሞ የእኔን ሥራ እትዬ ብርቅዬ በሲሶ ይሠሩታል። የእኔን ፈተና ግን በሲሶ የሚፈተንልኝ የለም።»

ይህን ስትል ዳገቱ አናት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ደርሰው ነበር። ተቀመጡ። ቦንጋ ከማዶ ኮረብታው ላይ በቆርቆሮ ጣሪያዋ ታበራለች። ጋሽ ገሠሠ ገና አልተረቱም። «ያም ሆነ ይህ ስምንት ብር ከስድስት ይበልጣል» አሉ።

ትሕትና አራት ጠጠር ለቀመችና ድንጋዩ ላይ ደረደረች። እነዚህ አራቱ ቆርቆሮዎች ናቸው አለች። ሺሺንዳ ማን ይገዛቸዋል? ጋሽ ገሠሠ ይህን በደስታ ነው የነገሯት። የሚገዙት እትዬ አልጣሽ ናቸው፤ ከጥንት ከሰሜን የመጡ ሰዎች ልጅ፣ የጠጅ ቤት ባለቤት። ልክ እንደደረሱ ወንበር ይሰጧቸዋል፣ የቤት የጫካውን ይጠይቋቸዋል፣ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ያለ ክርክር ኪሎውን በስምንት ይገዟቸዋል።

«ሁለተኛውንስ?»

«ሁለተኛውን በሰባት። ትንሽ ይከራከራሉ።»

«ሦስተኛውን?»

ጋሽ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋኑ ሞልቷል ይላሉ። በአምስት።»

«አራተኛውንስ ጋሼ?»

ጋሽ ገሠሠ ወደ በቅሎዋ አዩ፣ ወደ ከተማው አዩ። «አራተኛውን እንኳ ቦታ የለኝም ይላሉ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለእርስዎ ብዬ ነው ይሉና በአራት ይወስዱታል።»

ትሕትና ጠጠሮቹን ወደ እሳቸው ገፋች። ጋሽ ገሠሠ ራሳቸው ደመሩት። ስምንትና ሰባት አሥራ አምስት፣ አምስት ሲጨመር ሃያ፣ አራት ሲጨመር ሃያ አራት። ቀጥለው የቦንጋውን ደመሩ፤ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። ሃያ አራት።

እንደገና ደመሩት። ያው ሃያ አራት ነው።

ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንኪራ ሰው የሚያወሩት የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ነበር። የአራተኛውን አውርተው አያውቁም። ሲዋሹ አልነበረም፤ ሰው ደስ ያለውን ዋጋ ያስታውሳል፣ ያሳፈረውን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ጋሽ ገሠሠ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ። «ታዲያ በዜሮ ነው የምሄደው» አሉ። «እግሬን ለፍቼ፣ ቡናዬን ለጦጣ ሰጥቼ፣ በዜሮ።»

ትሕትና አዘነችላቸው። ሰው አንድን ነገር እየጠገበ ሲሄድ የሚቀጥለውን ያን ያህል አይፈልገውም ብላ አስረዳቻቸው፤ የተጠማ ሰው ለመጀመሪያው ዋንጫ ውሃ ብዙ ይከፍላል፣ ለአራተኛው ግን በነፃ ቢሰጡትም ይመልሰዋል። የእትዬ አልጣሽ ጋንም እንደዚያው ነው። ከዚያ አንድ ነገር ለመጠየቅ ፈራ ተባ አለች። ከመጀመሪያው ቦንጋ መሸጥን ለምን ተዉ?

ጋሽ ገሠሠ ታሪኩን ነገሯት። ከሃያ ዓመት በፊት አስፋው የሚባል ነጋዴ ማራቸውን ሲመዝን አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ደግፎ አታለላቸው። እሳቸውም በገበያው መካከል ቆመው «ከእንግዲህ በቦንጋ ማር ብሸጥ» ብለው ማሉ።

«አቶ አስፋው አሁን የት አሉ?»

«ሞቷል። አሥራ አንድ ዓመቱ። ቀብሩም ላይ ነበርኩ።»

«እሳቸው ሞተዋል ጋሼ። እርስዎን ግን እስከ ዛሬ ሺሺንዳ ድረስ ያስኬዱዎታል።»

ይህ ቃል ከሁሉም ይልቅ አስደነገጣቸው። ያታለላቸውን ሰው የቀጡት መስሏቸው ነበር፤ ለካ በየዓመቱ ሃያ ቀን የሚቀጡት ራሳቸውን ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያለፈ በደልም የነገውን መንገድ መምረጥ የለበትም፤ ትሕትና ኮሌጁ ይህንንም እንደሚያስተምር ነገረቻቸው። ጋሽ ገሠሠ አሁን ሲናገሩ፣ ክርክር የሚመስል ነገር ድምፃቸው ውስጥ አልነበረም።

«ቤቱ ባዶ ነው ትሕትና። የመንገዱ ሰው ሰላም ይለኛል። እዚያም ወንበር ይሰጡኛል፣ እንዴት ከረሙ ይሉኛል። ለሁለት ብር ብቻ መሰለሽ?»

ትሕትና ከድንጋዩ ወርዳ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «ለሰው ናፍቆት ከሆነማ ይሂዱ ጋሼ። ያም ዋጋ አለው፤ ማንም ሞኝ አይልዎትም። ነገር ግን ለናፍቆት የሚሄዱትን ለትርፍ ነው አይበሉ። እንዲያ ሲሉ ሁለቱም ይበላሻል፤ ናፍቆቱንም ሸክም ተጭኖበት ነው የሚያደርሱት።»

ጋሽ ገሠሠ ተነሡ፤ መሐላቸውንም፣ ትመለሳለች ያሉትንም እዚያው ድንጋዩ ላይ ትተው ቦራን ወደ ከተማው ነዱ። ቦንጋ ሲገቡ ገበያው ሞቋል። ጋሽ ገሠሠ ሃያ ዓመት ያልረገጡትን የማር ተራ ረገጡ። በዛብህ የሚባል ወጣት ነጋዴ ሚዛን ሰቅሎ ተቀምጧል። ጋሽ ገሠሠ ባዶውን ሚዛን አሳዩኝ አሉ፤ መርፌው ልኩ ላይ መቆሙን ጎንበስ ብለው አረጋገጡ፤ ከዚያም እጅህን ወደ ኋላ አድርግ አሉት። በዛብህ እንደ ተማሪ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ሰዉ ሳቀ። የኪሎው ዋጋ ስንት ነው?

«ሰባት» አለ በዛብህ።

«ስድስት አልነበረም?»

«አምና ነበር አባቴ። ከመስቀል ወዲህ ሰው ሁሉ የረከሰውን በብዛት ሊያካክስ ቡና ላይ ነው፤ ማር ይዞ የሚወጣ ጠፋ። ጠጅ ቤቱ ደግሞ አልተዘጋም።»

ጋሽ ገሠሠ ወደ ትሕትና ዞሩ። በየዓመቱ በዚህ ገበያ ዳር አልፈው ዋጋውን አንድ ቀን አልጠየቁም፤ ስድስቱንም ከሰው ነው የሰሙት፤ መሐላቸው ጆሯቸውንም ደፍኖት ነበር። ትሕትና ሰሌዳው ላይ የሚያሰምሩባቸው ሁለቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው አለቻቸው፤ አንዱ የሻጩ ነው፣ አንዱ የገዢው ነው፤ ሻጩ ሲቀንስ መስመሩ ይሸሽና ዋጋው ከፍ ይላል። እስከ ዛሬ መስመር ብቻ ይመስላት ነበር። ዛሬ በዛብህን አየችው።

አራቱንም እዚሁ ይሸጣሉ ብላ ስትጠብቅ ግን ጋሽ ገሠሠ ሦስቱን ብቻ አስመዘኑ። አንዱን ለይተው አስቀመጡ።

«ይህኛው ሺሺንዳ ይሄዳል» አሉ። «በአውቶቡስ ጣሪያ፤ ለሙሉው ቆርቆሮ መጫኛ ሁለት ብር ቢጠይቁኝ ነው። እትዬ አልጣሽ ለመጀመሪያው ቆርቆሮ በኪሎ ስምንት ይሰጣሉ፤ ከሰባት ይበልጣል። ሁለተኛውን በሰባት ነው የሚወስዱት፤ እዚህም ሰባት ነው፤ ታዲያ የመጫኛውን ለምን እከስራለሁ? አንዱ ይሂድ፤ ሦስቱ ይቅር።»

ትሕትና አፏን ይዛ ቀረች። ይህንኑ አስተማሪዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተምረዋቸው ግማሹ ክፍል አልገባውም ነበር፤ ሁሉንም ወይም ምንም ሳይሉ፣ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ላይ ቆሞ ማሰብ። እሷም ራሷ በቃሏ ይዛ ፈተና ወረቀት ላይ ገለበጠችው እንጂ አልገባትም። አሁን ገባት፤ እንዲገባት ያደረጉትም ፊደል ቆጥረው ያቆሙት ጋሽ ገሠሠ ናቸው።

የሚለያዩበት ሰዓት ደረሰ። ትሕትና የክፍሏ ልጅ ወላጆች ቤት አድራ ነገ ትሣፈራለች። ጋሽ ገሠሠ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማንኪራ መድረስ ይችላሉ፤ አራቱ ቀን አንድ ቀን ሆነ። ከኪሳቸው ለመንገዷ የሚሆን አውጥተው በመሀረብ ቋጥረው ሰጧት። ከዚያ፣ «እኔም አንድ ልጠይቅሽ» አሏት። «ሳትነግሪኝ ስትወጪ የቡናውን ቆጠርሽ፣ የወንበሩን ቆጠርሽ፣ የብርቅዬን ሲሶ ቆጠርሽ። እኔ ከሺሺንዳ መጥቼ በሩን ስከፍት፣ አንቺን ስጠራ፣ ቤቱ ዝም ሲለኝ፤ ያንንስ በስንት ቆጠርሽው?»

ትሕትና ድንጋጤው ፊቷ ላይ ወጣ። «አልቆጠርኩትም ጋሼ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«እኔም ወንዙ ዳር ሳገኝሽ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ቡናው ነው» አሉ። «ሁለታችንም ሒሳብ አበላሽተናል። በይ ሂጂ። ከእንግዲህ ግን እኔም ሳልጠይቅሽ አልከለክልም፣ አንቺም ሳትነግሪኝ አትውጪ።»

ማንኪራ ሲደርሱ እትዬ ብርቅዬና ልጆቻቸው ከጫካው ሲወጡ አገኟቸው። በአንድ ቀን ዘጠኝ ቅርጫት ቀይ ቡና፤ አንድ አረንጓዴ አልተቀላቀለበትም። ስድስቱን ጋሽ ገሠሠ ደጃፍ ደርድረው ሦስቱን ለብቻ አቁመዋል። እሳቸው ብቻቸውን ሲለቅሙ በቀን ሁለት ነበር። ጋሽ ገሠሠ ስድስቱን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ አልጎደለም። ሦስተኛ ጊዜ ሊቆጥሩ ሲሉ እትዬ ብርቅዬ ጎንበስ ብለው፣ «ምነው፣ ጦጣ ቢሆን ይቆጥሩበት ነበር?» አሏቸው። ከዚያ በኋላ አልቆጠሩም።

ልጆቼ፣ በተለይ ኮሌጅ ያላችሁ፣ ያ መጽሐፍ መስመርና ቁጥር ብቻ መስሏችሁ አትሰልቹት። ጋሽ ገሠሠ ከዚያ ዓመት ወዲህ ሃያ ቀናቸውን መልሰው አገኙ፤ ቡናው በወቅቱ ተለቀመ፤ የእትዬ ብርቅዬ ልጆች ሲሶውን ሸጠው ታናሺቱ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ ጦጣው ተራበ። የቡና ዋጋ ቆይቶ ሲነሣ የተሰበረ ዛፍ አልነበረባቸውም። ትሕትናም አራቱን ዓመት ጨርሳ ተመረቀች። ማንኪራ ውስጥ አንድ ሰው «በነፃ አገኘሁት» ብሎ የተናገረ እንደሆነ፣ ጋሽ ገሠሠ ዛሬም በትራቸውን ይደግፉና «ምን ትተህ?» ይሉታል። ስንቱ ወደ ቤቱ እያሰበ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጋሽ ገሠሠ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በቅሎዋን በረት ትተው፣ በመኪና ሺሺንዳ ወረዱ። እጃቸው ባዶ ነው። እትዬ አልጣሽ ወንበር ሰጧቸው፤ ከኋላቸው ጭነት ፈልገው አጡ፤ ማሩስ ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ገሠሠ እንደ ልጅ አፈሩ። «ዛሬ ማር የለም። ለናፍቆት ነው የመጣሁት» አሉ።

እትዬ አልጣሽ የጋኖቹን ተራ በእጃቸው አሳዩ፤ ሁሉም እስከ አፉ ሞልቷል።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አራተኛውን ቆርቆሮ ለምን የምገዛ መስሎዎት ነበር?»